ለቤተሰብ የፊልም ምሽት ስለ ተፈጥሮና አካባቢ የሚያወራ ፊልም መምረጥ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

እኛ ቤት ቅዳሜ ማታ የፊልም ምሽት ነው። ሦስት ትውልድ አንድ ላይ እንቀመጣለን። እናቴ፣ እኔና ባለቤቴ፣ ሁለቱ ልጆቻችን። ትንሿ 8 ዓመቷ ነው፤ ትልቁ 13። ከጥቂት ዓመታት ወዲህ በየወሩ አንዱን ቅዳሜ ስለ ተፈጥሮ ለሚያወራ ፊልም ሰጥተነዋል። ይህን የሰሙ ወዳጆችና ዘመዶች የሚጠይቁኝ ጥያቄ ተመሳሳይ ስለሆነ መልሱን እዚህ ሰብስቤዋለሁ። የፊልሞቹ ዓመት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ስለ አካባቢ የሚያወራ ፊልም ሲባል ዘጋቢ ፊልም ማለት ነው?

አይደለም። ዘጋቢ ፊልም አንዱ ዓይነት ብቻ ነው። ልጆቻችሁ ደጋግመው ያዩት «ሞአና» (2016) እኮ ስለ አካባቢ ነው። የደሴቲቱ ኮኮናት ሲሰበር ውስጡ ጠቁሮ ይገኛል፤ መረቡ ዓሣ አልይዝ ይላል። ታሪኩ የሚነሳው ከዚያ ነው። «ዘ ላየን ኪንግ» (1994) ላይም ስካር ሲነግሥ ሣሩ ያልቃል፣ መንጋው ይሰደዳል። ስለዚህ አዲስ ፊልም ከመፈለጋችሁ በፊት ቤት ያለውን እንደገና እዩት።

እኔ የምመርጠው በአንድ ጥያቄ ነው። ይህ ፊልም ልጄ አንድ ነገር እንድትወድ ያደርጋታል ወይ? አንድ ዛፍ፣ አንድ እንስሳ፣ አንድ ሐይቅ ይበቃል። «ፕላኔቷ አደጋ ላይ ናት» የሚለው ለ8 ዓመት ልጅ በጣም ትልቅ ነገር ነው። የትም አይዝላትም። የምትወደውን ነገር ግን ማንም ሳያዛት ትጠብቀዋለች።

ይህን ያወቅኩት ተሳስቼ ነው። መጀመሪያ የመረጥኩት ረጅም ዘጋቢ ፊልም ነበር። ከዳር እስከ ዳር ቁጥርና ግራፍ ነው። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ትንሿ ተኛች። ትልቁ ስልኩን አወጣ። እናቴ ደግሞ «ይሄ ሰውዬ ማንን ነው የሚቆጣው?» ብላ ጠየቀችኝ። መልስ አልነበረኝም።

አንድ ፊልም ብቻ ምረጪልኝ። ከየት ልጀምር?

ከ«ዎል-ኢ» (2008)። የፒክሳር አኒሜሽን ነው፤ ያዘጋጀው አንድሩ ስታንተን ነው። 98 ደቂቃ ይወስዳል።

ምድር በቆሻሻ ተጥለቅልቃለች። ሰው ጥሏት ከሄደ 700 ዓመት ሆኖታል። አንድ ትንሽ ሮቦት ብቻ ቀርቷል። ቆሻሻውን በሆዱ እየጨመቀ እንደ ጡብ ይደረድረዋል። ጓደኛው አንዲት በረሮ ናት። አንድ ቀን ከቆሻሻው መሃል ትንሽ ቡቃያ ያገኛል። ያረጀ ጫማ ውስጥ ከነአፈሯ አድርጎ ወደ ቤቱ ይወስዳታል። ከዚያ በኋላ ያለው ታሪክ ሁሉ ያቺን ቡቃያ ስለማትረፍ ነው። ቅድም ያልኩት ይኸው ነው፤ ፊልሙ «ዓለምን አድኑ» አይልም። ቅጠሎቿ የሚቆጠሩ አንዲት ቡቃያ እጃችሁ ላይ ያስቀምጣል። ልጆቹ ትንፋሻቸውን ውጠው የሚያዩት እሷን ነው።

የመጀመሪያው አጋማሽ ንግግር የለውም ማለት ይቻላል። አያት፣ ልጅ፣ የልጅ ልጅ እኩል ይረዱታል። በኋላ ላይ የሰው ልጆች በመርከብ ጠፈር ላይ ሲኖሩ እናያለን። ከተንሳፋፊ ወንበር አይነሱም። ዓይናቸው ከስክሪን አይነቀልም። ምግባቸውን የሚጠጡት በኩባያ ነው። ትልቁ ልጃችን እዚህ ጋ ዝም ብሎ ስልኩን ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠ። ማናችንም ምንም አላልንም።

አዲስ አበባ ያደገ ሰው ያን የቆሻሻ ተራራ ሲያይ ቆሼ ትዝ ማለቱ አይቀርም። እኛም አውርተናል። በመጋቢት 2009 ዓ.ም. ክምሩ ተንዶ ከመቶ በላይ ሰው መሞቱን ለትልቁ ነግረነዋል። ለትንሿ ያልነው «የምንጥለው ፌስታል የሚሄደው እዚያ ነው» ብቻ ነው። ለሷ ዕድሜ የሚበቃው ያ ነበር።

እናቴ እንግሊዝኛ አትሰማም። ልጆቼ ደግሞ አማርኛው ይከብዳቸዋል። አብረን ምን እንይ?

ይህን ጥያቄ በብዛት የሚልኩልኝ ሜሪላንድና አውሮፓ ያሉ ዘመዶቼ ናቸው። መልሴ ሁሌም አንድ ነው፤ ንግግር የሌለው ፊልም ፈልጉ።

ከነዚህ ሁሉ የምወደው «ፍሎው» (2024) ነው። ከላትቪያ የመጣ አኒሜሽን ነው፤ ያዘጋጀው ጊንትስ ዚልባሎዲስ ይባላል። በ2025 የምርጥ አኒሜሽን ኦስካርን አሸንፏል። 85 ደቂቃ ሙሉ አንድ ቃል የለበትም። ሰውም የለበትም። አንዲት ጥቁር ድመት፣ አንድ ውሻ፣ ሌመር የሚባል የማዳጋስካር እንስሳ፣ ካፒባራ የሚባል የደቡብ አሜሪካ እንስሳና አንድ እግረ ረጅም ትልቅ ወፍ በአንድ ጀልባ ላይ ይገናኛሉ። ዓለሙን ጎርፍ ውጦታል። ውሃው ለምን እንደመጣ ማንም አይናገርም። እንስሳቱ መጀመሪያ ይጣላሉ፤ በኋላ መሪውን እየተቀያየሩ ይዘው አብረው ይጓዛሉ።

ፊልሙ አሥር ደቂቃ ሳይሄድ እናቴ «የኖኅ መርከብ!» አለች። ልክ ነበረች። ከዚያ በኋላ ተራኪዋ እሷ ሆነች። ድመቷ ስትፈራ፣ ወፉ ሲቆጣ፣ ውሻው ሲያቆላምጥ በአማርኛ ትናገርላቸዋለች። ልጆቹ ከፊልሙ ይልቅ እሷን የሚያዩበት ጊዜ ነበር። ንግግር የሌለው ፊልም እንዲህ ያደርጋል። ድምፁን ለቤቱ ሰው ይተወዋል።

ከዚህ ሌላ የፈረንሳዩን «ማይክሮኮስሞስ» (1996) ሞክሩ። ካሜራው ሣር ውስጥ ገብቶ ነፍሳትን ብቻ ያሳያል። ትረካው ጥቂት ዓረፍተ ነገር ነው። አንድ ጥንዚዛ የእበት ድቡልቡል እየገፋ ሲሄድ ድቡልቡሉ እሾህ ላይ ይሰካበታል። ይገፋል፣ ይስባል፣ ይዞራል። ገጠር ያደገ ሰው ይህን በዓይኑ አይቶታል፤ ልጆቻችሁ ግን አላዩትም። «ዘ ሬድ ተርትል» (2016) ደግሞ ንግግር የሌለው፣ በጣም የሚያምር፣ ግን ዝግ ያለና ሐዘን ያለበት ነው። እሱን ለትልልቆቹ አቆዩት።

ፊልሙ ንግግር ካለው ደግሞ ትልቁን ልጅ አስተርጓሚ አድርጉት። አንድ ትዕይንት ሲያልቅ ፊልሙን አቁማችሁ «እስቲ ለአያትህ ንገራት» በሉት። ቃል ሲጠፋው እሷ ታግዘዋለች። ፊልሙ ሊረዝም ይችላል። ይርዘም።

በስንት ዓመታቸው የቱን ይዩ?

ከ4 እስከ 6 ዓመት ላሉት የጃፓኑ «ማይ ኔበር ቶቶሮ» (1988)። የሃያኦ ሚያዛኪ ሥራ ነው። ክፉ ሰው የለበትም። ጦርነት የለበትም። ሁለት እህትማማቾች ከአባታቸው ጋር ገጠር ይገባሉ፤ እናታቸው ሆስፒታል ተኝታለች። ቤታቸው አጠገብ አንድ ግዙፍ ዛፍ አለ፤ ዛፉ ውስጥ ደግሞ ትልቅ ጠጉራም ፍጥረት ይኖራል። አባትየው ልጆቹን አሰልፎ ዛፉን እጅ ነሥቶ ያመሰግናል። የጎረቤት አሮጊት ከጓሮ የቀጠፉትን አትክልት ወንዝ ውሃ ውስጥ አቀዝቅዘው ለልጆቹ ይሰጣሉ። በዋርካ ጥላ ሥር ያደገ ሰው ይህን ለመረዳት ጃፓን መሄድ አያስፈልገውም።

ከ7 እስከ 10 ዓመት ሲሆኑ ከ«ዎል-ኢ» ሌላ «ሃፒ ፊት» (2006) ጥሩ ነው። ዘፈንና ጭፈራ የሞላበት የፔንግዊን ታሪክ ነው። ግን ዓሣው ለምን አለቀ የሚለውን ይጠይቃል። አንዱ ፔንግዊን አንገቱ ላይ የታሸጉ መጠጦች የሚያያዙበት ፕላስቲክ ገብቶ ሊያንቀው ሲደርስ እናያለን። ልጄ ከዚያ ቀን ጀምሮ እንዲህ ያለ ፕላስቲክ ሳትቆርጥ አትጥልም። «ዘ ሎራክስ» (2012) ላይ ደግሞ ዛፍ ያለቀበት ከተማ ነዋሪዎች አየር በጠርሙስ ይገዛሉ። ዛፉን የጨረሰው ሰውዬ ክፉ ሆኖ አልተፈጠረም። ትንሽ ብቻ ልቁረጥ እያለ ነው የጨረሰው። ለልጅ ማስረዳት የሚከብደው ይህ ነው፤ ፊልሙ ያስረዳላችኋል። «ዘ ዋይልድ ሮቦት» (2024)ም ለዚሁ ዕድሜ ነው። አንዲት ሮቦት የሙት ልጅ የሆነ የዝይ ጫጩት ታሳድጋለች። መሐረብ አቅርቡ።

ከ11 በላይ ያሉትን ወደታች ለብቻቸው አነሳቸዋለሁ።

ልጄ ፊልሙን አይቶ አለቀሰ። አጠፋሁ?

አላጠፋችሁም። አዝኖ ማልቀስና ፈርቶ መንቀጥቀጥ ግን የተለያዩ ናቸው። ማዘን ደህና ነው። አቅፋችሁት አልቅሱ። ፍርሃቱ ግን ሌሊት አልጋው ድረስ ይከተለዋል።

እኔ ሦስት ነገር አደርጋለሁ። አንደኛ፣ ፊልሙን ቀድሜ አየዋለሁ፤ ጊዜ ካጣሁ ከባዱ ቦታ የት እንደሆነ እጠይቃለሁ። «ባምቢ» (1942) ላይ እናቲቱን አዳኝ ይገድላታል። «ፍሎው» ላይ ድመቷ ደጋግማ ውሃ ውስጥ ትሰምጣለች። ዘጋቢ ፊልም ሁሉ ለልጅ ቀላል ነው ብላችሁም አትዘናጉ። «አወር ፕላኔት» (2019) በጣም የሚያምር ተከታታይ ነው፤ ሁለተኛው ክፍል ላይ ግን ዋልረስ የሚባሉ ትልልቅ የባሕር እንስሳት ከገደል ሲወድቁ ያሳያል። ለትልቅ ሰውም ይከብዳል። ሁለተኛ፣ ለፈሪ ልጅ መጨረሻውን ቀድሜ እነግረዋለሁ። «ድመቷ አትሞትም» የሚል አንድ ዓረፍተ ነገር ሙሉ ፊልሙን ያድናል። መጨረሻውን ማወቅ ልጅን አያሰለቸውም፤ የሚወደውን ፊልም ሃያ ጊዜ የሚያይ ልጅ እኮ ነው። ሦስተኛ፣ በማግስቱ እጁ የሚሠራው ነገር እሰጠዋለሁ። ስለሱ ታች እመለስበታለሁ።

የጃፓኖቹ ፊልሞች መንፈስና አማልክት አለባቸው። ለሃይማኖተኛ ቤተሰብ ይሆናሉ?

ይህን የሚጠይቁኝ ሰዎች ከልባቸው ነው የሚጠይቁት፤ እኔም አቃልዬ አላየውም። ቶቶሮ የደን መንፈስ ነው። «ፕሪንሰስ ሞኖኖኬ» (1997) ላይ ደግሞ ደኑ ራሱ አምላክ አለው። አገራችን ውስጥም አድባር የሚባል ዛፍ ነበር፤ አንዳንዶቻችን ቤት ይህ ጉዳይ ዛሬም ስሱ ነው።

እኛ ያደረግነው ግልጽ ማውራት ነው። «ጃፓኖች ድሮ ደንን እንዲህ ያከብሩ ነበር፤ እኛ ደግሞ ፍጥረት የእግዚአብሔር ነው ብለን ነው የምናከብረው» አልናቸው። ልጆቹ ልዩነቱን ወዲያው ተረዱ። የሙስሊም ጎረቤቶቻችንም ምድር የአላህ አማና (አደራ) ናት ብለው ለልጆቻቸው ሲያስረዱ ሰምቻለሁ። ይህም ሆኖ ልባችሁ ካልተቀበለው ተዉት። ሌላ ብዙ ፊልም አለ።

በአማርኛ የተሠራ፣ ወይም ኢትዮጵያን የሚያሳይ አለ?

አለ። ከሁሉ በፊት «ላምብ» (2015)። የያሬድ ዘለቀ ፊልም ነው። በፈረንሳዩ የካን ፊልም ፌስቲቫል ይፋዊ ምርጫ ውስጥ የገባ የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ፊልም ነው። ንግግሩ አማርኛ ነው፤ አስተርጓሚ አያስፈልግም። ኤፍሬም የሚባል ልጅ እናቱን አጥቷል። አገሩን ድርቅ መትቶታል። አባቱ ሥራ ፍለጋ ሲሄድ ልጁን ደጋ ያሉ ዘመዶች ቤት ጥሎት ይሄዳል። ለልጁ የቀረችው ጓደኛ ቹኒ የምትባል በግ ናት። አጎቱ ደግሞ ለመጪው በዓል ሊያርዳት ያስባል።

ድርቅን በቁጥር ሳይሆን በአንድ ልጅና በአንዲት በግ የሚያሳይ ፊልም ነው። ተራሮቹን ስታዩ ልባችሁ ይሞላል። ልጁ ወጥ መሥራት ይወዳል፤ ወንድ ልጅ ማዕድ ቤት ምን ይሠራል ተብሎ ይሰደባል። ይህም ብዙ ያስወራል። ከ10 ዓመት በታች ላለ ልጅ ሐዘኑ ሊከብድ ይችላል።

እኛ ቤት ይህን ፊልም ስናይ ያልጠበቅነው ነገር ሆነ። አልቆ መብራት ስናበራ እናቴ ስለ ልጅነቷ ማውራት ጀመረች። ጎጃም ያደገችበት ቀበሌ ወንዙን ተከትሎ ደን ነበረ አለች። ዛፎቹን በስም ቆጠረች፤ ወይራ፣ ዋንዛ፣ ብሳና፣ ኮሶ፣ ጽድ። ዝንጀሮ እህል እንዳይበላ ማማ ላይ ቁጭ ብላ ስትጠብቅ ነው የዋለችው። «አሁን ብትሄዱ አታገኙትም» አለች። ልጆቼ አያታቸው ደን ውስጥ ማደጓን አያውቁም ነበር። እኔም ራሴ የዛፎቹን ስም ከአፏ የሰማሁት ያን ቀን ነው። ከዚያ በኋላ ፊልም ስመርጥ «ይህ እናቴን ያስወራታል ወይ?» ብዬም እጠይቃለሁ። ይህን ሁሉ በዓይናቸው ያዩ ሰዎች ቤታችን ቁጭ ብለዋል። እነሱን የሚያስወራ ፊልም አግኙ።

ሰዓት ለሌለው ደግሞ «ዘ ቸርች ፎረስትስ ኦፍ ኢትዮጵያ» የሚል አጭር ዘጋቢ ፊልም አለ። ያዘጋጀው ጄረሚ ሳይፈርት ነው። የሰሜን ኢትዮጵያን የቤተ ክርስቲያን ደኖች ከላይ ያሳያል፤ በእርሻ የተከበቡ ክብ አረንጓዴ ነጠብጣቦች ናቸው። የደን ሳይንቲስቱ ዶክተር አለማየሁ ዋሴ ደኖቹን ስለመጠበቅ ይናገራሉ። ብዙዎቻችን ደጀ ሰላም ቆመን ያን ጥላ እናውቀዋለን፤ ከላይ ግን አይተነው አናውቅም።

የቢቢሲው «ፕላኔት ኧርዝ» (2006) ስለ ተራሮች የሚያወራው ክፍል የሚጀምረው ከኤርታ አሌ ነው። ከዚያ የሰሜን ተራሮች ጭላዳዎች ይመጣሉ። ጭላዳ ከኢትዮጵያ በቀር የትም ዓለም በዱር አይገኝም፤ ሣር እየጋጠ የሚኖር ዝንጀሮ ነው። ውጭ አገር ያደገ ልጅ የወላጆቹን አገር እንዲህ ሲያይ ፊቱ ላይ የሚሆነውን እዩት።

ስለ ሌላው አፍሪካስ?

«ዘ ቦይ ሁ ሃርነስድ ዘ ዊንድ» (2019) ከ11 ዓመት በላይ ላለ ልጅ ሁሉ መታየት አለበት ባይ ነኝ። ተዋናዩ ቹዊቴል ኤጂዮፎር ነው ያዘጋጀው፤ አባትየውን ሆኖም ይጫወታል። የማላዊው ዊልያም ካምክዋምባ እውነተኛ ታሪክ ነው። ዛፉ ተቆርጦ ይሸጣል፤ ጎርፍ ይመጣል፤ ቀጥሎ ድርቅ፣ ቀጥሎ ረሃብ። አንዱ ሌላውን እየጎተተ እንዴት እንደሚያመጣ እንዲህ ጥርት አድርጎ ያሳየኝ ፊልም የለም። ልጁ የትምህርት ቤት ክፍያ አጥቶ ይባረራል። ከቤተ መጻሕፍት ባገኘው መጽሐፍ ተረድቶ ከብስክሌትና ከወዳደቀ ብረት የነፋስ ተርባይን ይሠራል። የአባቱ ብስክሌት የሚቆረጥበት ትዕይንት ላይ ባለቤቴ ዓይኑን ሲጠርግ አይቼዋለሁ።

አንድ ማስጠንቀቂያ። የልጁ ውሻ በረሃብ ይሞታል። አንድ እርማትም አለኝ። ፊልሙ ላይ ተርባይኑ ወዲያው ውሃ ያወጣል። በእውነተኛው ታሪክ መጀመሪያ ያመነጨው የቤት መብራት ነው፤ ውሃው በኋላ ነው የመጣው። ለልጆቻችሁ ንገሯቸው፤ እውነቱም አያንስም። ማማው የቆመው ደግሞ በባሕር ዛፍ እንጨት ነው። እሱን እኛ በደንብ እናውቀዋለን።

«ዘ ማን ሁ ስቶፕድ ዘ ዴዘርት» (2010) የቡርኪና ፋሶውን ገበሬ ያኩባ ሳዋዶጎን ያሳያል። የደረቀ መሬት ላይ ዝናብ ከመምጣቱ በፊት ጉድጓድ እየቆፈረ ፍግ ያስገባበት ነበር። ዛዪ ይባላል። ሰው እንደ እብድ ቆጠረው። በኋላ ማሳው ደን ሆነ። በ2023 ነው ያረፈው። የኮንሶን እርከን ለሚያውቅ ሰው ሐሳቡ እንግዳ አይሆንበትም።

ለታዳጊዎች ስለ ዋንጋሪ ማታይ የተሠራው «ቴኪንግ ሩት» (2008) አለ። በ1977 የኬንያ ገጠር ሴቶችን ችግኝ በማስተከል ጀምረው በ2004 የኖቤል የሰላም ሽልማት የተቀበሉ ሴት ናቸው። «ዘ ግሬት ግሪን ዎል» (2019) ደግሞ ማሊያዊቷን ዘፋኝ ኢና ሞጃን ተከትሎ፣ በረሃማነትን ለመግታት አፍሪካን አቋርጦ እንዲተከል የታሰበውን አረንጓዴ ቀበቶ ይዞ ከሴኔጋል እስከ ኢትዮጵያ ይጓዛል። ሙዚቃው ግሩም ነው። ስደትና ጦርነትም ስላለበት ለትንንሾች አይሆንም።

ታዳጊው ልጄ «ይደብራል» ይለኛል።

ያ ፊልሙ የሚያስተምረው ስለመሰለው ነው። ይህ ዕድሜ ስብከት ይሸሻል። «ፕሪንሰስ ሞኖኖኬ»ን አሳዩት። ጦርነት አለበት፤ እጅ የሚቆረጥበት ቦታ አለ፤ ከ13 ዓመት በታች አይሁን። ደን የምታስጨፈጭፈው ሴት ማንም ያልፈለጋቸውን ሕሙማን አስጠግታ ቀለብና ሥራ የሰጠች ናት። ማን ልክ ነው? ልጄ ከአባቱ ጋር እስከ እኩለ ሌሊት ተከራከረ።

«ማይ ኦክቶፐስ ቲቸር» (2020) ደቡብ አፍሪካ ባሕር ውስጥ አንድ ሰው ከአንዲት ኦክቶፐስ ጋር ያደረገውን ወዳጅነት ያሳያል። ሻርክ አንድ ክንዷን ይቆርጠዋል፤ ክንዱ እንደገና ይበቅላል። መጨረሻዋ ሞት ነው። እንቁላሏን ጠብቃ ትሞታለች።

የሰሜን መቄዶንያው «ሃኒላንድ» (2019) ደግሞ እናቴ የመረጠችው ነው ማለት ይቻላል። ሃቲጄ የምትባል ሴት ማር ስትቆርጥ «ግማሹ ለእኔ፣ ግማሹ ለእናንተ» እያለች ለንቦቹ ትተዋለች። አዲስ ጎረቤት መጥቶ ሁሉንም ይሸጣል። ንቡ ያልቃል። እናቴ አባቷም ቀፎ ሲቆርጥ ሁሉንም አይወስድም ነበር አለች።

ፊልሙ የሚለው ሁሉ እውነት ነው?

አይደለም። «ዘ ዴይ አፍተር ቱሞሮው» (2004) ላይ ዓለም በጥቂት ቀን በረዶ ይሆናል። ፊልሙ ምክንያት የሚያደርገው የውቅያኖስ ፍሰት መዳከም እውነተኛ የሳይንስ ጉዳይ ነው፤ ግን የሚለካው በአሥርት ዓመታት ነው እንጂ በቀናት አይደለም። «ሲስፓይራሲ» (2021) የተባለው ዘጋቢ ፊልምም ውቅያኖስ በ2048 ባዶ ይሆናል የሚለውን ይጠቅሳል። ያ ግምት የወጣው በ2006 ነው፤ ብዙ ሳይንቲስቶች ተችተውታል። ፊልሞቹን አትዩ አልልም። ታዳጊው «እስቲ እውነት ነው?» ብሎ እንዲፈልግ የቤት ሥራ ስጡት። ይወዱታል።

መብራት ይጠፋል፣ ኢንተርኔቱም ይቆራረጣል። ምን ላድርግ?

በሳምንቱ መሃል፣ ኔትወርኩ ደህና ሲሆን አውርዱት። ላፕቶፑን ቻርጅ አድርጉ። ለክፉ ቀን አጭር ፊልም ይኑራችሁ። የእኛ «ዘ ማን ሁ ፕላንትድ ትሪስ» (1987) ነው። ፍሬዴሪክ ባክ በእጁ የሳለው የ30 ደቂቃ አኒሜሽን ነው፤ ኦስካር አግኝቷል። አንድ እረኛ ለብቻው ዓመታት ሙሉ የዛፍ ዘር እየተከለ የተራቆተ አገር ያለመልማል። ብዙ ሰው እውነተኛ ሰው ይመስለዋል፤ ልብ ወለድ ነው። ድምፁን ቀነስ አድርጌ ትረካውን በአማርኛ እኔ አነባለሁ።

ፊልሙ ካለቀ በኋላ ምን እንበላቸው?

«ምን ተማራችሁ?» አትበሉ። ያ የትምህርት ቤት ጥያቄ ነው፤ ምሽቱን ይገድለዋል። እኔ «የቱ እንስሳ አሳዘናችሁ?» ወይም «አያትሽ አገር እንዲህ ያለ ነገር አለ?» እላለሁ። ዝም ካሉም ተዋቸው። ወሬው ብዙ ጊዜ የሚመጣው በሦስተኛው ቀን፣ ታክሲ ውስጥ ነው።

በማግስቱ ግን እጃቸው ይሥራ። «ዎል-ኢ»ን ባየን ማግስት ትንሿ የጠበባትን ጫማ አምጥታ በሶብላ ዘራችበት። በረንዳ ላይ ነበር፤ በቀለ። አቮካዶ ፍሬ በቆርቆሮ ጣሳ ይበቅላል። ጤና አዳም ቅርንጫፉ ቢተከል ይይዛል። ክረምት ከሆነ ደግሞ ችግኝ ይዛችሁ ውጡ፤ ከተከሉ በኋላ በጥቅምት ውሃ የሚያጠጣው ማን እንደሆነ ግን ያኔውኑ ተነጋገሩ። ዝናቡ ሲያቆም ነው ብዙ ችግኝ የሚደርቀው።

ምን እንብላ? ስንት ሰዓት እንጀምር?

ፈንዲሻና ቆሎ ይበቃል፤ ለጾመኛውም ይሆናል። እናቴ ቡናውን ከፊልሙ በፊት ታፈላለች። ከምሽቱ 12 ሰዓት ተኩል ጀምሩ፤ ከዚያ ካመሸ ትንንሾቹ መጨረሻውን ሳያዩ ይተኛሉ። አያት ባለችበት ቤት ደግሞ ፊልሙ ካለቀ በኋላ አንድ ሰዓት ትርፍ ያዙ።